ሙቀት ማሳደር፦ ስለ ደጋ ሌሊት፣ ስለ ቤታችንና ስለ ከሰል



በሐምሌና በነሐሴ ቀኑን ሙሉ ይዘንባል፣ ጭቃው እግር ይይዛል፣ ፀሐይም ለቀናት ትጠፋለች። ሌሊቱ ግን እንደ ኅዳር ሌሊት አይጨክንም። ይህን የደጋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ምክንያቱ ደመናው ነው። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች፤ ደመና ካለ ብዙውን ይቀበልና ወደ ታች መልሶ ይልከዋል። መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ይህን የሚከለክል ነገር አይኖርም። በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ነፋሱ ጸጥ ብሎ ከዋክብቱ በደመቁበት ሌሊት ውርጭ ይወድቃል፤ ምስሩንና ባቄላውን ያቃጥላል፣ የቧንቧውን ውሃ የማይነካ ያደርገዋል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለውም በዚሁ ጊዜ ነው።

ከፍታው ደግሞ የራሱን ይጨምራል። 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣለች፤ የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር ያልፋል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ደብረ ብርሃንን ቆርቁረው ዓመታት የኖሩባት ይህን ብርድ ችለው ነው። ሕዝቡም ከእርሳቸው በፊትና በኋላ በእነዚህ አምባዎች ላይ የኖረው ብርዱን እንዴት እንደሚመክት ስለሚያውቅ ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ሙቀት አለን፤ ችግራችን ሳናሳድረው መቅረታችን ነው። ገላችን ያመነጨውን፣ ቤታችን ከቀኑ ፀሐይ የተቀበለውን ሙቀት እንዳይሸሽ ብናደርግ፣ እሳት የሚያስፈልገን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ስለማናደርግ ከሰል አቀጣጥለን፣ በርና መስኮት ዘግተን እንተኛለን፤ በየዓመቱም በዚህ ወቅት ሳይነቁ የሚቀሩ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ሞት በስፋት እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ከሰሉን የሚተካውን ላሳያችሁ፤ ብርድ ላይ የተቀመጠን ሰው ከሰልህን አውጣ ብሎ ዝም ማለት ጭካኔ ነውና።

ከገላችን ልጀምር። አርፎ የተቀመጠ ጎልማሳ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያለማቋረጥ ያመነጫል፤ የድሮው ባለ ክር አምፖል ያህል ማለት ነው። ሲተኛ ትንሽ ይቀንሳል። አምስት ሰው የተኛበት ክፍል፣ ገንዘብ ሳይከፈልበት፣ አንድ አነስተኛ ማሞቂያ ሌሊቱን ሙሉ በርቶበት እንደሚያድር ነው። በሰሜን ተራሮችና በጓሳ የሚኖሩት ጭላዳዎች ገደል ላይ ተቃቅፈው የሚያድሩት፣ ልጆቻችንም በአንድ አልጋ ሲተኙ የሚሞቃቸው በዚህ ምክንያት ነው። የሰውነታችን የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። ከ35 ሲወርድ አደጋ ነው፤ መንቀጥቀጥ፣ የምላስ መተሳሰር፣ የሐሳብ መዛባት ይከተላል። በኋላ መንቀጥቀጡ ይቆማል። ያን ጊዜ «አሁን ተሻለው» የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ሕመምተኛው ኃይሉን ጨርሷል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ብርዱ በሚገባ ስለማይሰማቸው ሳይንቀጠቀጡም ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ አያቶቻችሁን «በረዳችሁ ወይ?» ብላችሁ አትለፉ፤ እጃችሁን ከልብሳቸው ሥር አስገብታችሁ ሆዳቸውን ዳስሱ። ሆዳቸው ቀዝቃዛ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው።

የሚያሞቀን ልብስ አየር የሚይዝ ልብስ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ በድርቦቹ መካከልና በፈትሉ ውስጥ ጸጥ ብሎ የተቀመጠው አየር ሙቀታችንን እንዳይሸሽ ይይዘዋል። ለዚህ ነው አንድ ወፍራም ሹራብ ከመልበስ ሁለት ሦስት ቀጫጭን ልብስ መደረብ የሚሻለው። ጥጥ ግን አንድ ጉድለት አለው። ከረጠበ አየሩ ቦታ ያጣል፣ ውሃው ሲተን ደግሞ የገላን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከሥራ በላብ የመጣ ሰው ያንኑ ካናቴራ እንደለበሰ ጋቢ ቢደርብበት ይበርደዋል። መጀመሪያ ከገላው የሚነካውን ልብስ ይቀይር፣ ካልሲውንም ጭምር።

የበግ ጸጉር ከዚህ ይለያል። ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ጠጥቶ እንኳ ገላ ላይ እርጥብ ሆኖ አይሰማም፤ እርጥበቱን ሲጠጣም ጥቂት ሙቀት ይለቃል። የመንዝ እረኛ በርኖሱን ለብሶ በጉምና በካፊያ ውስጥ የሚውለው ለዚህ ነው። ባናውም፣ ዝተቱም እንዲሁ ነው። እነዚህን ልብሶች የገጠር ምልክት አድርገን ከከተማ ቤታችን ማስወጣታችን ያሳዝነኛል። በገበያ የሞላው የፕላስቲክ ክር ብርድ ልብስ ለስላሳና ርካሽ ነው፤ እሳት ሲነካው ግን ቀልጦ ከቆዳ ጋር ይጣበቃል። የበግ ጸጉር በቀላሉ አይያያዝም። ቤታችሁ አንድ አሮጌ ባና ካለ ለበር መጥረጊያ አታድርጉት።

አሁን ወደ መኝታው እንግባ። ብዙ ሰው ከላይ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ደራርቦ «አሁንም ይበርደኛል» ይላል። ብርዱ የሚመጣው ከታች ነው። ከሥራችን ያለው ልብስ በክብደታችን ስለሚጨፈለቅ አየሩ ይወጣል፤ የሲሚንቶው ወለል ወይም ያረጀው ስፖንጅ ሙቀታችንን ሲጠጣ ያድራል። ስለዚህ ከታች የሚነጠፈው ሲተኙበት የማይጨፈለቅ መሆን አለበት። አጎዛ ለዚህ ተወዳዳሪ የለውም። ደረቅ ጭድ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ መስፋት፣ ካርቶን አራት አምስት አድርጎ ደርቦ ከፍራሹ ሥር ማንጠፍ፣ ሰሌን መጨመር፣ እነዚህ ሁሉ ይሠራሉ። ሁለት ብርድ ልብስ ብቻ ያለው፣ ወለል ላይ የሚተኛ ሰው አንዱን አጥፎ ከታች ቢያነጥፈው ይሻለዋል።

ከመኝታ በፊት ሙቅ ውሃ አልጋ ውስጥ ማስገባት የማይናቅ ዘዴ ነው። ውሃ ከእኩል ክብደት ድንጋይ አምስት እጥፍ ያህል ሙቀት ይይዛል። 2 ሊትር ሙቅ ውሃ ለሁለት ሰዓት ያህል እግርን ያሞቃል፤ እንቅልፍ የሚወስደን በዚያ መካከል ነው። የሚፈላ ውሃ ግን በሃይላንድ ፕላስቲክ አይቀዳም፤ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል፣ ክዳኑም ይለቃል። ለዚሁ የተሠራው የጎማ ከረጢት ካልተገኘ፣ ውሃው እጅ የሚችለው እስኪሆን ይቀዝቅዝ፣ ክዳኑ ይጥበቅ፣ በካልሲ ወይም በፎጣ ይጠቅለል። ሕፃን ገላ ላይ ፈጽሞ አይደረግ።

ስለ ቤቱ ስናነሳ ዋናው ነገር ጣሪያው ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ስስ ብረት ነው። ጥርት ባለ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየር እንኳ ይብስ ይቀዘቅዛል። ከእኛ ትንፋሽና ከድስቱ የወጣው እንፋሎት እዚያ ሄዶ ውሃ ይሆናል፤ ንጋት ላይ ዝናብ ሳይዘንብ ፊታችን ላይ የሚንጠባጠበው ይኸው ነው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ኮርኒስ የሌለው ቤት ያለውን ሙቀት በቀጥታ ለዚያ ቀዝቃዛ ብረት ያስረክባል። ቤት የምትሠሩ ሰዎች፣ ገንዘብ ሲያጥራችሁ ከሁሉ በፊት የምትሰርዙት ኮርኒሱን ነው። እባካችሁ ሌላ ነገር ሰርዙ። ቀለሙ ይቆይ፣ የግቢው በር ይቆይ። የእንጨት ኮርኒስ ካልተቻለ አቡጀዲ ወይም የተሰፋ ማዳበሪያ ወጥሮ መምታት ይቻላል፤ ማዳበሪያ ፕላስቲክ መሆኑን አስታውሳችሁ ግን ከሻማና ከምድጃ አርቁት። የአባቶቻችን የሣር ክዳን ውፍረቱ አየር ይዞ የክዳንንም የኮርኒስንም ሥራ አንድ ላይ ይሠራ ነበር፤ የጓሳ ሣር ያለው ቤት ውርጭ በወደቀ ማለዳ እንኳ አይንጠባጠብም።

ግድግዳው ጭቃ ከሆነ አትናቁት። የጭቃና የጭድ ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ተቀብሎ ሌሊት ቀስ ብሎ ይመልሳል። ፀሐይዋንም ተጠቀሙባት። በእኩለ ቀን በጠራ ሰማይ አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1,000 ዋት ገደማ ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማለት ነው። ከረፋዱ 3 ሰዓት ጀምሮ መጋረጃውን ግለጡ፣ ፍራሹንና ብርድ ልብሱን አስጡ፤ ሌሊት ከላባችን የጠጣው እርጥበት ይውጣለት። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ መስኮቱን ዘግታችሁ መጋረጃውን ሳቡ። በሩ ሥር ያለውን ክፍተት በተጠቀለለ ጨርቅ ዝጉት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመኖሪያ ቤትና የጤና መመሪያ በብርድ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ቢያንስ 18 ዲግሪ እንዲሆን ይመክራል። የእኛ ቤት ያን ሁልጊዜ ላይደርስ ይችላል። ለዚህ ነው ከቤቱ በፊት ሰውየውን፣ አልጋውን ማሞቅ ያስቀደምኩት።

አሁን ወደ ከሰሉ መጣሁ።

ከሰል ካርቦን ነው። በቂ አየር አግኝቶ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዝ ይወልዳል። ማንደጃው ላይ ከፍሙ በላይ የምታዩት ሰማያዊ ነበልባል ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲቃጠል ነው። ነበልባሉ ሲጠፋና ፍሙ ሲዳምን መርዙ ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ ይወጣል። እንግዲህ «ጭሱ አልቋል፣ ደርቶ ቀልቷል፣ አሁን ይግባ» የምንለው ነገር መሠረት የለውም። ጭስ የሚታይ ነው፣ ያስነጥሳል፣ ያስለቅሳል፣ ያስጠነቅቃል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አይቆጠቁጥም። ክብደቱም ከአየር ጋር ተቀራራቢ ነውና አልጋ ላይ የተኛውንም መሬት ላይ የተኛውንም ያገኛል። ዕጣን ቢጨስበት አይጠፋም።

በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ፈረንሳዊው የሰውነት አሠራር ሊቅ ክሎድ በርናር በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንስሳት ላይ ሞክሮ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ደሙ ቀይ ሆኖ ሳለ ሰውነት በኦክስጅን እጦት ይሞታል። ሰውየው ሳንባው ይሠራል፣ ይተነፍሳል፣ ግን ትንፋሹ አይጠቅመውም። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው። ነቅቶ ላለ ሰው ይህ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። የተኛ ሰው ራስ ምታቱ አይቀሰቅሰውም። በዚህ ምክንያት ከሰሉ ከሌላው ሰዓት ሁሉ ይልቅ የሚገድለው በእንቅልፍ ሰዓት ነው።

«አያቶቻችን ከእሳት ዳር ተኝተው አልኖሩም ወይ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልስም ይገባዋል። አያቶቻችን የተኙት ጣሪያው ሣር፣ በሩ ክፍተት ያለበት፣ ግድግዳውና ክዳኑ በሚገናኙበት ዙሪያውን አየር በሚገባበት ቤት ነው። ጭሱ በሣሩ ውስጥ ያልፋል፤ መርዙም አብሮት ይወጣል። ያም ቢሆን ዓይንና ሳንባ ጎድቷል፤ ንጹሕ ነበር አልልም። እኛ ግን ያንኑ እሳት ይዘን ግድግዳው በሲሚንቶ ወደ ተለሰነ፣ በሩ ብረት፣ መስኮቱ መስተዋት ወደ ሆነ ጠባብ ክፍል ገባን። ቤቱ ተለወጠ፣ ልማዱ ግን ሳይለወጥ ተከትሎን መጣ። ግቢ ውስጥ የሚከራዩት ጠባብ ሰርቪስ ክፍሎች፣ የዘበኛ ቤቶች፣ ተማሪዎች በኅብረት የሚከራዩአቸው ቤቶች ከሁሉ የከፉ ናቸው፤ አንድ ማንደጃ ከሰል ለዚያ ክፍል ብዙ ነው። ለንጋት እሳት ብለን ረመጡን በአመድ ዳፍነን ማሳደራችንም እንዲሁ ነው። የተዳፈነ ረመጥ አየር ያጠረው ረመጥ ነው፤ መርዝ የሚወልደው በዚህ ሁኔታ ነው። ውጭ ይዳፈን፣ ወይም አየር በሚያልፍበት ማድ ቤት።

ቡና በከሰል አታፍሉ አልልም። ሲፈላ በሩም መስኮቱም ይከፈት፣ አየሩ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይውጣ። ሦስተኛው ሲጠጣ ማንደጃው ይውጣ። ከመኝታ በፊት ውጭ ያልወጣ ከሰል መኖር የለበትም፤ «ሊጠፋ ነው» ብሎ መተው አይሠራም፣ እየጠፋ ሳለ ነው የሚገድለው።

አደጋው ከደረሰ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው ወይም አልነቃ ካለ፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ በሩን በርግዱ፣ ሰዎቹን ወደ ውጭ አውጡ፣ ከሰሉን ከዚያ በኋላ። ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ማሽተት ጋዙን ከደም አያስወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰው የሚጠጣ መስጠት ጭራሽ ሊያንቀው ይችላል። የሚያስወጣው ኦክስጅን ነው። ንጹሕ አየር ላይ የተቀመጠ ሰው ደሙ ውስጥ ካለው መርዝ ግማሹ እስኪወጣለት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በጭምብል ኦክስጅን ቢሰጠው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ስለዚህ የነቃውም፣ «ደህና ነኝ» የሚለውም ሐኪም ቤት ይሂድ፤ የከሰል አደጋ መሆኑንም ገና በር ላይ ተናገሩ። እርጉዝ ካለች ቀድማ ትታይ፤ የፅንሱ ደም ይህን ጋዝ ከእናቲቱ ደም አጥብቆ ይይዛልና እርሷ ያገገመች ስትመስል እርሱ ሊጎዳ ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ አራስ ቤት መናገር አለብኝ። እናትና ሕፃን ንፋስ እንዳይመታቸው ብለን መስኮት ዘግተን፣ መጋረጃ ጋርደን፣ ከሰል አጠገባቸው የምናኖረው በፍቅር ነው። ግን ይህ የቤቱን ደካማ ሰዎች ከመርዙ ጋር መዝጋት ነው። ሕፃን ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅ አይችልም፤ ሙቀት የሚያገኘው ከእናቱ ገላ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ከተማ በቦጎታ፣ ኤድጋር ሬይ የተባሉ ሐኪም ማሞቂያ መሣሪያ ሲያጥራቸው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ማሳቀፍ ጀመሩ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ይመክራል። የመጀመሪያውም እጥበት ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲቆይ ይላል። ሕፃኑ ደረቅ ሆኖ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ በእናቱ ደረት ላይ፣ ከላይ ጋቢ ለብሶ ይተኛ። እናቲቱ ገንፎዋን ትብላ፣ አጥሚቷን ትጠጣ፤ የሚያሞቃት ይህ ነው፣ ምግብ ሲፈጭ ገላ ሙቀት ያመነጫል።

ስለ አረቄም አንድ ቃል። አረቄ ሲጠጣ ፊት ይግላል፣ ደረት ይሞቃል፤ እውነት ነው። የሚሆነው ግን ወደ ቆዳ የሚሄዱት የደም ሥሮች መስፋት ነው። የውስጡ ሙቀት ወደ ቆዳ ወጥቶ ለብርዱ ይሰጣል፣ መንቀጥቀጡም ይደክማል። ጠጥቶ በሌሊት መንገድ ላይ የተኛ ሰው በብርድ የሚሞተው ስለዚህ ነው። ካያችሁት ቀስቅሱት፣ ቤት አስገቡት።

ኤሌክትሪክ ያላችሁ ማሞቂያውን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ሰኩት፤ ቀጭን ኤክስቴንሽን ይግልና ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ ንቀሉት፤ ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ማሞቂያው አጠገብ የተንጠለጠለ ልብስ ሊኖር ይችላል።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ዘመዶቻችሁም ይህን ንገሯቸው። በሚኒሶታ፣ በቶሮንቶ፣ በስቶክሆልም ያለው ቤት ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ ከእኛው ቤት እጅግ ጠብቆ የተዘጋ ነው፤ ለቡና ተብሎ የሚቀጣጠል ከሰል እዚያ የባሰ ነው። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ በበረዶ ሳቢያ መብራት ሲጠፋ ከሰል ቤት አስገብተው፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስተው ለመሞቅ የሞከሩ ብዙ ሰዎች በዚህ ጋዝ ተጎድተዋል፤ ሕይወታቸው ያለፈም አሉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መሣሪያ በዚያ አገር በየሱቁ ይሸጣል። ሲጮኽ ባትሪውን ማውጣት የለም፤ ከቤት መውጣት ነው።

ለመጨረሻ ያቆየሁት በደብረ ብርሃንና በሌሎች ደጋ ከተሞች በሸራ መጠለያ የሚያድሩትን ተፈናቃይ ወገኖቻችንን ነው። ሸራ ከቆርቆሮ የባሰ ስስ ነው፤ ሥሩ ደግሞ እርጥብ መሬት። እድሮች፣ የሰንበቴ ማኅበራት፣ ወጣቶች በየዓመቱ ብርድ ልብስ ታሰባስባላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። በዚህ ዓመት ለሚነጠፈው ነገር ቅድሚያ ስጡ፤ አጎዛ፣ ስፖንጅ፣ ጭድ የተጠቀጠቀ ከረጢት፣ ከመሬት ከፍ የሚያደርግ ርብራብ። ሁለተኛ ሸራ ከተገኘ ከመጀመሪያው ጋር ሳይጣበቅ፣ አንድ ስንዝር ያህል ተለያይቶ ይወጠር፤ በመካከል ያለው አየር ብዙ ሥራ ይሠራል። ከሰል የምትሰጡም ካላችሁ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ማንደጃው ሌሊት የሚቀመጥበትን ዳስ ከመጠለያው ውጭ አብራችሁ ሥሩላቸው።